የመዳፍ እጅና የበርሜሉ ክዳን

ወንድሜን ተቀምጦ ያየ ሰው ካለ ይንገረኝ፤ እኔ አላየሁም። ምሳውን እንኳ የሚበላው ቆሞ ነው። ወንበር ስስብለት በአንድ ጉልበቱ ይደገፍበትና ዳቦውን እያኘከ ዓይኑን ወደ ጓሮ ይልካል፤ ሁለቴ ሳይጎርስ ብድግ። «ወዴት ነው ደግሞ?» እለዋለሁ። «መጣሁ» ይላል። የእሱን «መጣሁ» አምኖ የጠበቀ ሰው ሾርባው ይቀዘቅዝበታል። ሚስት አግብቶ ነበር፤ ደግ ሴት ነበረች። ግን ቂጡ መሬት የማይነካ ሰው ምን ይደረጋል፣ ሰለቻትና ሄደች። እኔ እህቱ ነኝ፤ እህት ወዴት ትሄዳለች?

የምንተዳደረው ሥጋ ጠብሰን በመሸጥ ነው። እኔ ከፊት ባንኮኒው ጋ ነኝ፤ ዳቦ እቆርጣለሁ፣ ሂሳብ እቀበላለሁ፣ ነገረኛ ደንበኛ ሲመጣ እሱንም የምችለው እኔው ነኝ። ወንድሜ ከጓሮ ነው፣ ከበርሜሉ ጋር። በርሜሉ በቁመቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በማጠፊያ የተያያዘ፣ የላይኛው ግማሽ ክዳን የሆነለት፣ አጭር ጭስ ማውጫ ያለው የከሰል መጥበሻ ነው። ከሥር ከሰሉ፣ ከላይ የበሬ ጎድኑ፤ ክዳኑ ይዘጋና ሥጋው ከማለዳ ጀምሮ በዝግታ ይበስላል። የሥራው ምስጢር ሙቀቱን ባለበት ማቆየት ነው። ከጋለ ውጪው ያርራል፤ ከቀዘቀዘ የጫማ ሶል ነው የምታኝከው።

ቴርሞሜትር የሚባል ነገር ኖሮን አያውቅም። ወንድሜ መዳፉን ከጭስ ማውጫው በላይ ይዘረጋል፣ ከዚያ ክዳኑን ዳበስ ያደርጋል፣ አንገቱን ያዘነብላል፣ «ገና ነው» ወይም «ደርሷል» ይላል። በቃ። ተሳስቶ አያውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንበኞቻችን ይህንኑ ለማየት ከወንበራቸው ተነስተው ጓሮ ይገባሉ። እጁን ሲዘረጋ ሁሉም ዝም ይላል፤ «ደርሷል» እስኪል ማንም ሳህን አያነሳም። ቅጽል ስሙም የወጣው ከዚያ ነው፤ መዳፍ ይሉታል። እናታችን ያወጣችለትን ስም ከእኔ በቀር የሚያስታውስ ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ የዚህ ሰው እጅ ነው የደነዘዘው።

ያወቅኩት በአፍንጫዬ ነው። አንድ ቀን ሳህን ልወስድ ጓሮ ስገባ ወንድሜ ከከሰል ሻጩ ጋር ወሬ ይዟል፤ መዳፉ ክዳኑ ላይ አርፏል። ዳበስ አይደለም፣ አርፏል። የሸተተኝ ደግሞ የበሬ ሥጋ አልነበረም። ጮኼ እጁን ጎተትኩት። እሱ የደነገጠው በእኔ ጩኸት ነው።

«ምን ነካሽ አንቺ ልጅ?» ይለኛል።

መዳፉን ገልብጬ አሳየሁት። አየው፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ ያንን የተላጠ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተው። ከሰል ሻጩ እንዳያይበት ብሎ እኮ ነው።

ሐኪሟ ስኳር ነው አለች። ሳይታወቀው ቆይቶ የእጁን ነርቭ ጎድቶታል። «ጋሼ፣ ይኼኛው ቃጠሎ ይድናል» አለችው። «ሌላ ከጨመሩበት ግን ቁስሉ አልድን ሊል ይችላል። ያኔ ጣት እስከ መቁረጥ እንደርሳለን። ከእሳት ይራቁ።» እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ የተሰጠውን ወንበር ትቶ ግን በሩ ጋ እንደቆመ ነው። ስንወጣ የተናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ለማንም እንዳትነግሪ።» እሱ የፈራው ለስሙ ነው። እኔ ስሙ ገደል ይግባ፣ የጨነቀኝ ጣቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ጭራሽ ባሰበት። ድሮ ዳብሶ የሚተወውን ክዳን አሁን ይከፍተዋል። ከፍቶ ያያል፣ ይዘጋል፣ ዞር ይላል፣ ተመልሶ ይከፍታል። እኔ ባንኮኒው ጋ ሆኜ የማጠፊያውን ሲጥ ሲጥ እሰማለሁ። ሲጥ ባለ ቁጥር አሁን ነካው፣ አሁን ነካው እላለሁ። ስንት ቀን ዳቦውን ትቼ ጣቴን ልቆርጥ ነበር። ጓንት ገዛሁለት፤ «ጓንት የሐኪም ነው» ብሎ ምስማር ላይ ሰቀለው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልታሳብደኝ ነው?»

«እብደቱማ የቆየ ነው፣ በእኔ አታሳብቢ።»

እንዲህ ነን እኛ።

መላ ያመጣልን ቴሌቪዥን የሚጠግን አንድ ደንበኛችን ነው። ስለ እጁ የሚያውቀው ነገር የለም፤ የክዳኑን ከፈት ዘጋ ብቻ አይቶ አዘነልኝ። «ለከሰል መጥበሻ የሚሆን የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ እኮ» አለኝ። ጫፉ ላይ መርፌ ያለው ሽቦ በርሜሉ ውስጥ ይገባል፤ ከሥር ትንሽ ማራገቢያ ይገጠማል። የሚፈለገውን ሙቀት ትሞይለታለሽ። መርፌው ቀዘቀዘ ሲል ማራገቢያው ከሰሉን ይነፋል፣ ሞቀ ሲል ዝም ይላል። «ሰው አጠገቡ መቆም የለበትም» አለ። ይህችን የመጨረሻዋን ስሰማ እዚያው ላቅፈው ምንም አልቀረኝ።

ወንድሜ ሲሰማ ግን ፊቱ ጠቆረ። «የፈሩት ይደርሳል አሉ። በእኔ ቦታ ማሽን?»

«በአንተ ቦታ አይደለም ወንድም ጋሼ፣ በእጅህ ቦታ ነው።»

ከአፌ ካመለጠ በኋላ ምላሴን ነከስኩ። እሱ ኮቱን አነሳ።

የምድጃ ዕቃ የሚሸጥበት ሱቅ ሄድን። ሻጯ ትዕግሥት የታደለች ወጣት ናት፤ ሦስት ዓይነት አውጥታ መስታወቱ ላይ ደረደረችልን። «ጋሼ፣ ይኼኛው ሙቀቱን ስልክዎ ላይ ይልክልዎታል። ገበያ ሆነው እንኳ ማየት ይችላሉ።»

«እሱስ ይቅርብን» አልኳት። «አሁን እኮ ቢያንስ ከበርሜሉ ሲርቅ ይተኛል። ይህን ከያዘማ አልጋው ውስጥም ሲጠብስ ሊያድር ነው።»

ሳቀች፤ እሱ አልሳቀም። ሁለተኛው ትንሽ ሳጥን ነው፤ ቁጥሩ ቀይና ትልቅ፣ ከሩቅ የሚነበብ። «የዚህ ደጉ ነገር» አለች፣ «ክዳኑ ሲከፈት ያውቃል። ሙቀቱ ባንዴ ዝቅ ሲልበት፣ ከሰሉ ቀዝቅዞ ሳይሆን ሰው ከፍቶ ነው ብሎ ማራገቢያውን ያቆመዋል። ሲዘጋ ይቀጥላል።»

«እኔ ክዳን ስከፍት የምውል ሰው እመስልሻለሁ?» አለ ወንድሜ ቆጣ ብሎ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

ሦስተኛው እንዲህ ዓይነት ብልሃት የለውም፤ ማራገቢያው ግን ትልቅ ነው። ወንድሜ አንስቶ መዘነው፣ አስነፋው፣ ሱቁን አንዴ ዞሮ መጣና እንደገና አስነፋው። «መብራት ሲጠፋስ?» አለ። በባትሪ ይሠራል አለችው። «ወናፍ ማለት ይኼ ነው። ጉልበት አለው።» ሻጯ ለትልቅ ምድጃ የተሠራ መሆኑን፣ ለበርሜል እንደሚበዛ ነገረችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እኔም ሐሳቡን ሳይቀይር ቶሎ እንውጣ ብዬ ዝም አልኩ።

ቅዳሜ የአንድ ጋራዥ ሠራተኞች አለቃቸውን በጡረታ የሚሸኙበት ትእዛዝ ነበረን። ሥጋው ማለዳ ገባ። ማራገቢያው ትንሽ አጉረመረመና ዝም አለ፤ ቁጥሩም ካልነው ቦታ ቆመ። እኔ ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ወንድሜ በርሜሉን ይዞራል።

«እየሠራ ነው?» ይላል።

«እየሠራ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ቁጥሩ ይኸው።»

«ቁጥር አይዋሽም ያለሽ ማን ነው?» ብሎ ከፈተው።

ክዳኑ ሲከፈት ቀዝቃዛ አየር ገባ፤ መርፌው እሳቱ ጠፋ መሰለው፤ ያ ወናፍ የተባለው እየጮኸ መንፋት ጀመረ። ወንድሜ ሲዘጋው ከሰሉ ፍም ሆኗል። ቁጥሩ ወደ ላይ ሲሮጥ ደነገጠ፤ ደንግጦ ምን ያደርጋል፣ ይከፍታል። መርፌው እንደገና ይቀዘቅዛል፣ ማራገቢያው እንደገና ይጮኻል። እኔ ከፊት ሰው ከቦኝ ሲጡንም ጩኸቱንም እሰማለሁ፤ እጄ በሥራ ተይዟል፤ «ክዳኑን ተወው» እያልኩ በመስኮት እጮኻለሁ። የጭሱ ቀለም ሲቀየር ሁሉን ትቼ ሮጥኩ። ጎድኑ ውጪው ከሰል፣ ውስጡ ጥሬ።

የጋራዡ ሰዎች ትሪያቸውን ይዘው መጡ። ቢሰድቡን ይሻለን ነበር። ከመካከላቸው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ብቻ «ጋሽ መዳፍ፣ ምነው ዛሬ?» አለና ባዶ ትሪውን ይዞ ወጣ።

በሩን ዘጋሁና ጓሮ ገባሁ። ደሜ ፈልቷል።

«ማሽንሽ አቃጠለው» አለኝ።

«ክዳኑን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን? አትንካው አልተባለም? ለምንድን ነው አንድ ጊዜ እንኳ አርፈህ የማትቀመጠው?»

ወደ በርሜሉ ዞሮ እንደ ልማዱ መዳፉን ወደጋለው ክዳን ላከ። ሳላስብ እጁን በኃይል መታሁት። ታላቅ ወንድሜን መታሁት። እጁን እንደያዘ ከሰል ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ተቀምጦ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ደስ አላለኝም።

«ድሮ እጄን ሳደርግበት ውስጡ ይታየኝ ነበር» አለ። «እሳቱ የቱ ጋ እንደበዛ፣ የትኛው ጎድን እንደዘገየ። አሁን ግድግዳ ነው የምነካው። ካልከፈትኩ ውስጥ ምን እንዳለ አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዉ ዓይኑን ተክሎ ሲያየኝ እጄን እዘረጋለሁ፣ ደርሷል እላለሁ፤ ገምቼ እኮ ነው። ይኸው ስንት ጊዜዬ፣ ገምቼ ነው የማበላቸው።»

አንጀቴን በላው። እኔ ለጣቱ ስሰጋ እሱ ለካ ከዚያ የባሰ ይዞ ነው የሚዞረው። ድሮ የማይቀመጠው ሥራውን ስለሚወድ ነበር፤ አሁን ስለሚፈራ ነው። አጠገቡ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ፤ ኮታችን በከሰል ጠቆረ።

ሰኞ ተመልሰን ሱቁ ሄድን። ሻጯ «ብዬ ነበር» አላለችም፣ ትባረክ። እኔ አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ራሱ ቀደመኝ።

«ይኼን፣ ክዳን ሲከፈት ዝም በሚለው ቀይሪልኝ» አላት። «እኔ የምከፍት ሰው ነኝ።»

ቅዳሜ መጣ። የጋራዡ ሰዎችም መጡ፤ ለመብላት ይሁን ለመታዘብ እንጃ። ትንሿ ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ቀይ ቁጥሯን አብርታለች። ወንድሜ ከፈተ፤ ማራገቢያው ዝም። ዘጋ፤ ቁጥሩ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ። ቆይቶ ደግሞ ከፈተ፤ አሁንም ዝም። ከዚያ በኋላ ክዳኑ ጋ ይሄዳል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ሳይከፍት ይመለሳል፤ እንደገና ይሄዳል። እኔም ባንኮኒውና ጓሮው መካከል ስመላለስ እግሬ ዛለ።

ሰዓቱ ሲደርስ ደንበኞቹ እንደ ልማዳቸው ጓሮ ገብተው ከበቡት። ሽማግሌው መካኒክ «እህ ጋሽ መዳፍ፣ ደርሷል?» አለ። ወንድሜ እጁን አነሳ። ትሪውን ደረቴ ላይ ጨምድጄ ያዝኩ። እጁ ጭስ ማውጫው አጠገብ አየር ላይ ቆሟል፤ የተላጠው ቦታ አዲስ ቆዳ አውጥቶ ይታያል። እንደገና ሊገምት ነው አልኩ በሆዴ።

«ነይ» አለኝ።

ትሪውን አስቀምጬ ሄድኩ። አንጓዬን ይዞ መዳፌን የእሱ መዳፍ በነበረበት ቦታ አደረገው። «ሳትነኪ። እዚሁ ያዢው።» ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞረ። «የእኔ እጅ መስማት ትቷል። ስኳር ነው። ከእንግዲህ ሙቀቱን የሚጠብቀው ያ ሳጥን ነው፤ ደርሷል የምትላችሁ እህቴ ናት።»

መካኒኩ ባርኔጣውን አውልቆ መልሶ አደረገው። ወንድሜ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፤ ድምፁ ለእኔ ብቻ ነው።

«ንገሪኝ እስቲ። ምን ይላል?»

ምን ልበለው? ዕድሜ ልኬን ዳቦ የቆረጥኩ ሰው ነኝ። «ከታች እየገፋ ይመጣል» አልኩት። «አያቃጥልም። መጣ ሄድ ይላል… አጠገቤ የተኛ ትልቅ ከብት የሚተነፍስ ነው የሚመስለው።»

ዓይኑን ጨፈነ። «እሱ ነው» አለ። «እሱ ነው። እንዲያ ነበር የሚለኝ።»

አንዱ ወንበር ገፋለት፤ ተቀመጠ። ሁሉም እኔን ያያሉ። «ደርሷል» አልኩ። ሳህኖች ተነሱ። ባይደርስስ? አንዱ ጎድን ዘግይቶስ ቢሆን? ቁጥሩን አየሁ፣ መዳፌን አየሁ፣ እንደገና ቁጥሩን አየሁ። ምስማሩ ላይ ያለውን ጓንት ማን እንዳወረደው እንጃ፣ እጄ ውስጥ ሆኖ አገኘሁት፤ የክዳኑንም እጀታ ይዣለሁ።

«ተይው» አለ ወንድሜ ከወንበሩ ሳይነሳ። «ደርሷል ብለሻል። ትንሽ ይረፍ፣ አትክፈቺው።»