ከመድረኩ በታች የምትቆመው ሴት

ኩማሲ ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናችን ሴት መድረክ ላይ አትወጣም። ስለዚህ የፓስተር አጄማንግን እንግሊዝኛ ወደ አገራችን ቋንቋ ወደ ትዊ የምታስተረጉምልን ሴት ከታች፣ ሲሚንቶው ላይ ትቆማለች። የተተኮሰ ነጭ ሻሽ አስራ፣ አንገቷን ወደ እሳቸው ቀና አድርጋ ትጠብቃለች። «ሴት በጉባኤ ዝም ትበል» ሲሉ፣ እሷም ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሴት በጉባኤ ዝም ትበል» ትለናለች።

አንድ ቀን «ከሳቸው ይልቅ የምትሰብኪን እኮ አንቺ ነሽ» ስላት፣ «ምን በወጣኝ! እኔ የሌላ ሰው አፍ ነኝ» ብላ ሳቀች።

ባለፈው ቅዳሜ ባሏን ቀበርን። ሻሿ ጥቁር ነበር። ሽማግሌዎቹ ማይክ ሰጧትና «እህታችን፣ ስለ ባልሽ አንድ ነገር በይን» አሏት።

ማይኩን በሁለት እጇ ያዘች። ከዚያ አንገቷን ወደ ፓስተሩ ቀና አድርጋ፣ እስኪጀምሩላት ጠበቀች።