የሹራቡ ጠርዝ

የእጅ ጽሑፌ እንደማያምር አውቃለሁ። ፊደልም እሳሳታለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል በኋላ ትምህርት ስላልቀጠልኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰንበት ትምህርት ቤታችን ውስጥ «በልጅነታችሁ የሰማችሁትን አንድ ተረት ጽፋችሁ አምጡ» ስለተባልን ነው የጻፍኩት። ሰው ፊት ቆሜ መናገር ስለማልችል መጻፉ ይሻለኛል። ተረቱ ግን ሙሉ አይደለም፤ ለምን እንዳልሞላም እነግራችኋለሁ።

ልጅ ሳለሁ፣ አሁንም ልጅ ነሽ ትሉኝ ይሆናል፣ እዚሁ ጎንደር በተከራየንበት ግቢ ከቤታችን ፊት ለፊት አንዲት መነኩሲት ይኖሩ ነበር። እማሆይ እንላቸዋለን። ሹራብ እየሠሩ ነበር የሚተዳደሩት። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ በጠፋ ቁጥር እኔና የአከራያችን ልጅ ትርንጎ ሮጠን እሳቸው ቤት እንገባለን። ማንደጃው ላይ ፍሙ አመድ ለብሶ ከሥር ይቀላል፤ ሻማዋ ቆርቆሮ ላይ ቆማ ስትርገበገብ የእማሆይ ቆብ ጥላ ግድግዳው ላይ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የከሰሉ ጭስ ከሱፍ ክሩ ሽታ ጋር ተቀላቅሎ እስከ ማግስቱ ከነጠላዬ አይለቅም ነበር።

እማሆይ እጁን አጣጥፎ ለተቀመጠ ሰው ተረት አያወሩም። መጀመሪያ «ክራችሁን ያዙ» ይላሉ፣ እኛ «ይዘናል» እንላለን፤ ከዚያ የእሳቸው ሁለት የሹራብ መሥሪያ ሽቦዎች ቀጭ ቀጭ ማለት ሲጀምሩ ተረቱም ይጀምራል። የአንዳችን እጅ ከቆመ እሳቸውም ዝም ይላሉ።

«ምነው እማሆይ?» ስንላቸው፣

«ተረቱ የሚሄደው በእጃችሁ ነው እንጂ በእኔ አፍ መሰላችሁ?» ይሉናል።

በዚህ ምክንያት ነው ኪሮሽ መያዝ የተማርኩት። መጀመሪያ ሰንሰለት ብቻ፣ ቀጥሎ በተሠራ ሹራብ ዳር ዳር ጠርዝ ማውጣት። ኪሮሹን በሹራቡ ቀለበት ውስጥ አስገብቶ ክሩን ስቦ ማውጣት ነው፣ ሌላ ጥበብ የለውም። ግን ሁሉንም ቀለበት መውጋት አይቻልም። እማሆይ «ሦስቱን ውጊ፣ አራተኛዋን እለፊ» ይሉኝ ነበር። ካላለፉት ጠርዙ ይበዛና ይሸበሸባል።

አንድ ክረምት የምንሰማው በረደኝ ስላለው ተራራ ነበር። አንዲት ልጅ ልብስ ልትሠራለት ፈልጋ በጓን ፀጉር ትለምናለች። በጓ «ሣር አምጪልኝ» ትላታለች፣ ሣሩ «ዝናብ አምጪልኝ» ይላታል፣ ዝናቡ ወደ ደመናው ይልካታል። ደመናው ደግሞ «እኔ የማድረው ተራራው ላይ ነው፣ እሱን አስፈቅጂ» ይላታል። ልጅቱ ባዶ እጇን ተመልሳ ተራራው ፊት ቆመች። እዚህ ላይ መብራት መጣ፣ እናቴም ጠራችኝ።

ያን ሰሞን እማሆይ ለወንድማቸው የልጅ ልጅ ነጭ ሹራብ እየሠሩ ነበር። ሕፃኑ አምባ ጊዮርጊስ እሑድ ክርስትና ሊነሣ ነው፤ አገሩም ብርድ ነው። ለሰው የሚሸጡትን እንጂ ለዘመድ ሲሠሩ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ጠርዙን ለእኔ ሰጡኝ። «የኔ ሸጋ፣ ጠርዙ የአንቺ ነው» ሲሉኝ ደስታዬ እንቅልፍ ነሳኝ።

ግን ተረቱ በተቋረጠበት ማታ ጆሮዬ ተራራው ዘንድ ነበርና አራተኛዋን ማለፍ ረሳሁ። አንገቱን ዞሬ ስጨርስ ጠርዙ ተጥመልምሎ ተነሣ። ትርንጎ ከእጄ ነጥቃ ወደ ሻማው አቀረበችው።

«እማሆይ፣ ይኼ ሹራብ ነው ወይስ ጥቅል ጎመን?»

እማሆይ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ምን አለበት፣ ይፈታል። ክር አይቀየምም» አሉኝ። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሳቁ እስከ ቤታችን የተከተለኝ መሰለኝ።

ዓርብ ከሰዓት እማሆይ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ቁልፉን ለእኛ ትተው ሄዱ። ማንም ሳያየኝ ፈትቼ እንደገና ልሠራው አሰብኩ። አንዱ ቋጠሮ ግን እምቢ አለኝ። ቀስ ብዬ መታገል ስችል መቀስ አነሣሁ። ጠርዙን ብቻ የቆረጥኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ የሹራቡን የራሱንም ክር አብሬ ቆርጬዋለሁ። ቀለበቶቹ አንዱ በአንዱ እየተከተሉ ወደ ታች መሮጥ ጀመሩ። በጣቴ ያዝኳቸው፣ የተቆረጠውን ጫፍ ቋጠርኩት፣ ጠርዙንም አራተኛ አራተኛዋን እየዘለልኩ ከዳር እስከ ዳር አወጣሁ። ሲያዩት ያምር ነበር። አጣጥፌ ፌስታሉ ውስጥ መለስኩት።

ቅዳሜ ጠዋት የወንድማቸው ልጅ ሊወስደው መጣ። እማሆይ ሊያሳዩት ከፌስታሉ አውጥተው ረገፍ አደረጉት። ቋጠሮዬ ተፈታ፤ ሹራቡም ከአንገቱ እስከ ደረቱ ድረስ ተተረተረ። እኔ በራችን ላይ ቆሜያለሁ። እማሆይ ሹራቡን ወደ ፀሐይ ይዘው ወጡ፣ አፍንጫቸው ድረስ አስጠጉት፣ በጣታቸው ዳበሱት።

«አንድ ቀለበት ጥዬ ነው» አሉ። «ዓይኔ ከዳኝ፤ ሳላየው ጥያለሁ።»

«ምንም አይደል እማሆይ፣ በነጠላ እንጠቀልለዋለን» አላቸውና ባዶ እጁን ወደ መናኸሪያ ሄደ። እሳቸው ቀና ብለው አዩኝና «የአንቺስ ጠርዝ ሸጋ ነበር፤ እኔ አበላሸሁብሽ» አሉኝ።

አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ዞሬ ወደ ቤት ገባሁ።

ያን ማታ መብራት ሲጠፋ ከትርንጎ ጋር ሄድን። ሽቦዎቹ በጨርቅ ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ወጥተዋል። «ከእንግዲህ የሰው ክር አላበላሽም» አሉ። እጃቸው ሥራ ከፈታ ደግሞ ተረት አልነበረም። ትርንጎ ለመነቻቸው፣ እኔ ግን ፍሙን እቆሰቁስ ጀመር።

ይህን ጽሑፍ ልጀምር ስል ሄጄ ጠየቅኋቸው። በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር።

«እማሆይ፣ ተራራው ልጅቱን ምን አላት?»

ጭናቸው ላይ ጣቶቻቸው ሽቦ እንደያዙ ሁሉ መንቀሳቀስ ጀመሩና ቆሙ። «እጄ ከተወው ጊዜ ጀምሮ ጠፍቶኛል፣ ልጄ። ይህ ዓይኔ ነው ጉድ የሠራኝ።»

አሁን እኔ ለሰፈሩ ልጆች ሹራብ ጠርዝ አወጣለሁ፤ ሰው ያመሰግነኛል። አራተኛዋ ቀለበት ላይ ስደርስ ግን እጄ ይቆማል። ልጅቱ ባዶ እጇን ተራራው ፊት እንደቆመች ናት፣ እኔም እንደዚያው ነኝ። ይህን ለእናቴም ለትርንጎም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። የእማሆይ ዓይን ያኔ ምንም አላጠፋም። ክሩን በመቀስ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።