የሶፋ ሠሪው ምላስ

ሶፋ ሠሪው እህቱን ያሳደጋት እሱ ነው። እናታቸው ስትሞት የእሱ ጢም ገና በቅጡ አልበቀለም ነበር፤ እሷ የወተት ጥርሷን አልጣለችም። በሥራ ቤቱ ጥግ በተከመረ የስፖንጅ ቁርጥራጭ ላይ እያስተኛ፣ ምስማር እየመታ አስተማራት። ዛሬ የልጅ እናት ሆና እንኳ «ሚጢጢ» ነው የሚላት። እሷም «ጋሼ» እንጂ ስሙን ጠርታ አታውቅም።

ሥራዋ ሆስፒታል፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከሕመምተኛ ተቆርጦ የመጣ ሥጋ በሰም ይደርቃል፤ እሷ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ገለባ ከላዩ ትልጣለች፣ ለብ ያለ ውሃ ላይ ታንሳፍፈዋለች፣ በመስታወት አንስታ ቀለም ታጠጣዋለች። በአጉሊ መነጽር አይቶ ፍርድ መስጠቱ አብራት የምትሠራው ሐኪም ድርሻ ነው።

አንድ ቀን ጋሼ ቤቷ ምሳ ሲበላ ልጇ ቀልድ ነግራው ከት ብሎ ሳቀ። ያኔ ነው ምላሱ ጎን ላይ ነጭ ነገር ያየችው። ሲያኝክም ባንድ ወገን ብቻ እንደሆነ ያን ጊዜ ልብ አለች።

«ጋሼ፣ እስቲ አፍህን ክፈት።»

«አፍሽን ክፈቺ ባዩ እኮ እኔ ነበርኩ» አለና ከፈተ።

ነጩን በንጹሕ ጨርቅ ብትጠርገው አልለቀቀም። እሱ የተሰበረ ጥርስ እየቧጨረው እንደሆነ ነገራት። ከወጣትነቱ ጀምሮ ሲጋራ ያጨሳል፤ ስለሱ ትንፍሽ አላለም። ሐኪም ቤት እንሂድ ስትለው ዛሬ የሚረከቡት ወንበር አለ፣ ነገ ጨርቅ ይመጣል እያለ አመላለሳት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ብትለው፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ተረትም ይመረመራል እንዴ ብሎ ቀለደባት። በመጨረሻ አንድ ጠዋት ሥራ ቤቱ ሄዳ፣ ገና ጨርቅ ያልለበሰ ወንበር ላይ ተቀምጣ አልነሣም አለች። እየሳቀ እጁን ታጥቦ ተከተላት።

ከምላሱ የተቆረጠው ናሙና ተራውን ጠብቆ የእሷ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ምላጩን ማንሳት አቃታት። የሥራ ባልደረባዋ አየቻትና ናሙናውን ተቀበለቻት። እሷ ወደ ላቦራቶሪው ጓዳ ገብታ የታጠቡትን ብርጭቆዎች እንደገና አጠበች።

ሐኪሟ ካንሰር አይደለም አለች፤ ግን የህዋሳቱ አሰላለፍ መዛነፍ ጀምሯል። እንዲህ ያለ ነጭ የአፍ ቁስል ውስጥ የካንሰር ግንደ ህዋሳትን የሚጠቁሙ ምልክቶች ይኖሩ እንደሆን የምታጠናው ራሷ ሐኪሟ ነበረች። ጋሼን አስፈቅዳ የተረፈውን ገለባ ምልክቶቹን በሚያወጣ ቀለም አስነከረችው። ምልክቱ ያለበት ህዋስ ቡናማ ይሆናል። እህትየውን ጠርታ በመነጽሩ አሳየቻት፤ በጤናማ ምላስ ከታችኛው ረድፍ የማያልፈው ቡናማ ወደ ላይ ተንጠላጥሏል።

«ይሄ ገና ጥናት ነው» አለች ሐኪሟ። «ካንሰር ይሆናል ብዬ አልምልም፤ ላይሆንም ይችላል። የኔ ወንድም ቢሆን ግን ነጩን በሙሉ አስቆርጠው ነበር።»

እህትየው ከሥራ ስትወጣ በቀጥታ ወደ ጋሼ ሄደች። ያየችውን ነገረችው። ግንደ ህዋስ ምን እንደሆነ ጠየቃት። ሌላው ህዋስ አርጅቶ ሲረግፍ እነዚህ ራሳቸውን እየተኩ ሌላውን እንደሚወልዱ፣ ቁስል የሚሽረውም በእነሱ እንደሆነ፣ ክፋቱ መንገድ ሲስቱ እንደሆነ አስረዳችው። መዶሻውን አንስቶ አንድ ምስማር መታ።

«ፈራሽ?»

«ፈራሁ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ይቆረጥ» አለ። መዶሻውን አስቀምጦ ራሷን ዳበሳት።

ተቆረጠ። ናሙና ካልተወሰደበት የነጩ ጠርዝ ላይ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ ካንሰር ተገኘች፤ ዙሪያዋ ንጹሕ ነበር፣ አንገቱም ውስጥ አልገባችም። ቡናማው ቀለም ቀድሞ አውቋት እንደሆን እህትየው ሐኪሟን ጠየቀቻት። ሐኪሟ ባንድ ሰው አይፈረድም፣ ብዙ ሰው ማየት አለብኝ አለቻት።

ጋሼ እስኪያገግም እህቱ ቤት ተኛ። ሾርባ አጥልላ በማንኪያ ታጎርሰው ጀመር። መናገር እንደጀመረ አንድ ቀን «ተው» አላት። ጠገበ ብላ ሳህኑን አነሳች። እሱ ክንዷን ያዘና እንደገና «ተው! ተው!» አለ። ግራ ገብቷት ስትቆም ልጇ ከት ብላ ሳቀች፤ «እማዬ፣ ጨው ነው እኮ የሚልሽ።» እህትየው መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳህኑን እንደያዘች አለቀሰች። እሱ ጨዉን ራሱ ተነሥቶ አመጣ።

አሁን ሥራው ላይ ነው። ምላሱ ጥቂት ይኮላተፋል፤ አዳዲስ ደንበኞች ዝምታውን ኩራት ይመስላቸዋል። ሲጋራውን ትቶ አንዴ ተመለሰበት፤ ሳትደርስበት ራሱ ነገራት፣ ከዚያ ወዲህ አልነካም። ለምርመራ ሲሄድ አብራው ትገባለች። ባለፈው ነጩን የቆረጠለት ሐኪም ምላሱን አገላብጦ አንገቱን ዳብሶ ደህና ነው አላቸው። በእግራቸው ወደ ሥራ ቤቱ ወረዱ። እሷ ሥራ ረፍዶባት ነበር፤ ቢሆንም ቦርሳዋን አስቀምጣ፣ እሱ ጨርቁን በወንበሩ ላይ ሲወጥር ጫፉን ያዘችለት።