የአማቹ ቴሌቪዥን

አማቹ ትልቅ ቴሌቪዥን ከገዛ ወዲህ ልብስ ሰፊውን ቅናት አላስቀምጥ አላስተኛ አለው። አንድ ቀን እቤቱ ሄዶ፣ ሰው ሳያየው፣ የቴሌቪዥኑን ወርድ እንደ ወገብ ለካ፤ አርባ ስምንት ኢንች።

ሱቅ ገብቶ፣ «ከአርባ ስምንት የሚበልጥ ስጠኝ» አለ።

ሻጩ ባለ ሃምሳውን አሳየው። «ጋሼ፣ ፎር ኬ ነው፤ ነጥቦቹ ብዙ ስለሆኑ ምስሉ ጥርት ይላል። በሴኮንድ መቶ ሃያ ጊዜ ስለሚታደስ ደግሞ ኳሷ ስትሮጥ ጭራ አታወጣም።»

ገዛና አማቹን ኳስ እንዲያዩ ጠራው።

ገና ከበሩ፣ «ያንተ አርባ ስምንት፣ የኔ ሃምሳ!» ሲለው አማቹ ሳቀ። «ወንድምዬ፣ የኔ እኮ ሃምሳ አምስት ነው። ቴሌቪዥን የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ፣ በሰያፍ ነው!»

«ያንተ ኳስ ግን ጭራ ታወጣለች።»

«እኔ አይቼባት አላውቅም» አለና ተደላድሎ ተቀመጠ።

ልብስ ሰፊው በአማቹ ፊት ላይ ቅናት ሲፈልግ ሦስቱም ጎሎች አመለጡት።