የዓሣው ገጽ

ትናንት ሞጣ ምሳ ልበላ ከገባሁበት ሆቴል የዓሣ ጥብስ ሸተተኝ። ሳልበላ ወጣሁ።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ቢቸና ላይ "ሐሳብ አነባለሁ" እያልኩ ሰፈሩን አስጨበጭብ ነበር። መሣሪያዬ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ነው። የአንዱን ገጽ ጠርዝ በጧፍ ሰም አደንድኜው ስለነበር ማንም ዓይኑን ጨፍኖ ቢገልጠው የሚወጣው ያው የዓሣ ጥብስ ነው። እኔም ግንባሬን ይዤ "ዓሣ!" እላለሁ። እንዳይነቃብኝ አንድ ቤት ሁለቴ አላሳይም።

አንድ እሑድ ጭብጨባው ሲያበቃ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ ጠጋ አሉኝ። ልጃቸው በመተማ በኩል ሱዳን ከገባ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል።

"እስቲ የኔን ልጅ እይልኝ። ዛሬ ምን በላ?"

ቀልድ ነው ማለት ነበረብኝ። ሰው ሁሉ ያየኛል። መጽሐፉን ሰጠኋቸው፤ ገለጡ።

"ዓሣ በልቷል። ጠግቧል" አልኩ፤ ይህችን ምላሴን!

ሥዕሉን በጣታቸው ዳበሱት።

"ዓሣ እኮ አይወድም ነበር" አሉ። "ለምዶ ነዋ።"

ልጁ እስካሁን አልደወለም። እኔ ነገ ቢቸና እገባለሁ። እትዬ ዘነቡ እንደ ሁልጊዜው በር ላይ ይጠብቁኛል።

"ዛሬስ ምን በላ?"