ጎርጎራ ዳር ንስር ስንቆጥር

እኔ የደጋ ሰው ነኝ። ያደግሁት ከዳባት ወዲያ ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ እስከ ሠላሳ ዓመቴ ድረስ ከጉልበቴ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቼ አላውቅም ነበር። ጣና ዳር ያደረሰኝ እንጀራ ነው። ጎንደር፣ ማራኪ ግቢ፣ ባዮሎጂ ክፍል ውስጥ የላቦራቶሪ ረዳት ሆኜ ስቀጠር፣ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ መምህር ነበሩ። ዝናቡ ካባራ በኋላ በየዓመቱ ጎርጎራ እየወረዱ ዓሣ በል ንስር ይቆጥሩ ነበር። ራሱና ደረቱ ነጭ፣ ሆዱ ቀይ ዳማ፣ ክንፉ ጥቁር ነው። ሲጮህ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ነው።

«ወጣት ሳለሁ በየዋርካው ላይ አንድ ጥንድ ነበር» ይሉኝ ነበር መምህሩ። «አሁን ግማሽ ቀን ብትቀዝፍ አንድም ላታገኝ ትችላለህ።»

ጡረታ ሲወጡ አቅራቢ መነጽራቸውንና ደብተራቸውን ሰጡኝ። ማንም ባይጠይቅህም ቁጠር አሉኝ። ጠያቂም አልነበረም። እኔም ያዘዙኝን ያዝሁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የወረድሁ ዕለት ከአዘዞ በሚኒባስ ቆላ ድባ፣ ከዚያ ጎርጎራ ደረስሁና ታንኳ ያለው ሰው አፈላልጌ አንድ ዓሣ አጥማጅ አገኘሁ። ስድሳ ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። ረጅም ናቸው፤ ጣቶቻቸውን የመረብ ክር ቆራርጦታል። እኔ «አያ» አልኋቸው፤ እሳቸው «መምህር» አሉኝ። መምህር አይደለሁም ብል አልሰሙኝም። ታንኳው ላይ ስወጣ የተሠራበትን ደንገል በሁለት እጄ ጨምድጄ ያዝሁ።

«የደጋ ሰው ውሃ ሲያይ እንደ ድመት ነው» ብለው ሳቁብኝ።

ያን ቀን ያገኘነው አንድ ንስር ብቻ ነው። የደረቀ ዛፍ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጓደኛ አልነበረውም። በዓመቱም ስመለስ ያው አንዱ ነበር። በሦስተኛው ዓመት ላይ፣ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሲቀዝፉ፣ «አያ፣ ሌሎቹን ምን በላቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

መቅዘፊያቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት።

«እዚህ የነበሩትን እኔ ነኝ የገደልኋቸው» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ነጋዴዎች የናይለን መረብ ይዘው መጡ። መረቡ ትልቁንም ትንሹንም ይጠርጋል፤ ዓሣው ሳሳ። ንስሮቹ ሲርባቸው መረብ ውስጥ የተያዘውን መንጠቅ ጀመሩ፤ ሲነጥቁ መረቡን ይቀዱታል። አንድ ጧት አያ መረባቸውን ተበጫጭቆ ሲያገኙት ለሽንብራ ትል የሚረጩትን መድኃኒት ቆሮሶ በሚሉት ዓሣ ሆድ ውስጥ ሞልተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡት።

«ወንዱ በዚያው ቀን ወደቀ። ሴቷ ሁለት ቀን ጎጆዋ ላይ ቆየችና እሷም ወደቀች። ጫጩቶቹ ግን አራት ቀን ጮኹ። ቤቴ ከዛፉ ሥር ነው፤ ባለቤቴ ጆሮዋን ይዛ ነው የሰነበተችው።»

አላጽናናኋቸውም። እውነቱን ለመናገር ተናድጄ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ «መርዝ» ብዬ ጻፍሁ።

«ስሜንም ጻፍኸው?»

«አልጻፍሁም።»

«ብትጽፈውም ውሸት አይደለም» አሉና መቅዘፋቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲህ የናይለኑን መረብ ትተው ወደ መንጠቆ ተመለሱ። እኔ አልጠየቅኋቸውም። ለጅብ ብለው የሞተ ከብት ላይ መርዝ የሚያደርጉትን ጎረቤቶቻቸውን በማኅበር ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ ባገኙበት ሁሉ ይለምኑ ነበር። አንዳንዱ ሰማቸው፤ አንዳንዱ «አያ ጃጁ» አለ። የደብሩ ቄስም ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዛፍ እንዳይቆረጥ ከለከሉ።

በአምስተኛው ዓመት እዚያ ግቢ ዋርካ ላይ አንድ ጥንድ ሰፈረ። በስድስተኛው ጎጆ ሠሩ፤ አንድ ልጅ አሳድገው አስበረሩ። የዚያን ዕለት አያ ታንኳው ላይ ቆመው ሲያጨበጭቡ ሁለታችንም ልንሰጥም ነበር። ቆይቶ ሁለተኛ ጥንድ ከደንገሉ ማዶ መጣ። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የደከምንበት ይኸው ነው፤ ሁለት ጥንድ።

ባለቤታቸው ደስታችንን አልተካፈሉም። ሁልጊዜ ያበሉኛል፤ አንድ ቀን አምባዛ ወጥ እያቀረቡልኝ እንዲህ አሉኝ።

«በመረቡ ጊዜ ለገበያ ይተርፈን ነበር፤ አሁን ለድስትም አይበቃ። አሞራው ጠገበ መምህር፣ እኛ ነን የቀነስን።»

የቀረበልኝን በላሁ።

ከዚያ ጊዜው ከፋ። መጀመሪያ መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ተኩስ ተሰማ ከተባለ ሚኒባሱ ከአዘዞ አይወጣም። መንገዱ ጨርሶ ሳይዘጋ ለመጨረሻ ጊዜ የወረድሁ ዕለት ሾፌሩ ከቀትር በፊት ካልተመለሳችሁ ጥያችሁ ነው የምሄድ ብሎን ነበር። ታንኳ ላይ ለመውጣት እንኳ ጊዜ አልነበረም። ሳልቆጥር ልመለስ ስለሆነ ተንገበገብሁ፤ የስንት ዓመት ቆጠራ በአንድ ዓመት ሊቋረጥ ነው ብዬ። ስለዚህ መነጽሩን ከአንገቴ አውልቄ ለአያ ሰጠኋቸው፤ ደብተሩንም ከእርሳስ ጋር። ፊደል ስላልቆጠሩ በየወሩ ለእያንዳንዱ ንስር አንድ ጭረት፣ ለእያንዳንዱ ጎጆ አንድ ክብ እንዲያደርጉ አሳየኋቸው።

«እስክመለስ ድረስ ቁጠሩልኝ አያ።»

መነጽሩን በአንገታቸው አንጠለጠሉና ወደ ሐይቁ አዞሩት። «ወይ ጉድ፣ እጄ ላይ መጣ እኮ!» አሉ። ደስ ብሏቸው ነበር።

ባለቤታቸው በሩን ተደግፈው ይመለከቱ ነበር። «ምነው መምህር፣ ይሄ የወታደር ዕቃ አይደለም ወይ?»

ሳቅሁ። «የወፍ ማያ ነው» አልኋቸውና ሚኒባሱ እንዳያመልጠኝ እየሮጥሁ ወጣሁ።

አሥራ አራት ወር አልተመለስሁም። ስልክም ጠፋ። እኔ በዚያ ጊዜ ከማራኪ ሰፈር ለቅቄ ከጎንደር ወጣ ብሎ ፀዳ ከምትባለው ከተማ ቤት ተከራይቼ ነበር። ተማሪዎቹ ወደየቤታቸው ተበትነው፣ ማንም የማይጠቀምበትን ብርጭቆና ቱቦ ላቦራቶሪ ውስጥ ስወለውል እውል ነበር። አንዳንድ ጧት ተኩሱ ከቤታችን ይሰማል፤ ባለቤቴ ልጆቹን ከመስኮት ታርቃለች። ስለ ጎርጎራ አስብ ነበር፤ ነገር ግን ላስተካክለው የማልችለው ነገር አለ። ያሰብሁት ከአያ ይልቅ ስለ ጎጆዎቹ ነው። አሁንም ጫጩት ተፈልፍሎ ይሆን? ደንገሉን አቃጥለውት ይሆን? እሳቸው ምን ይሆናሉ ብዬ አላሰብሁም።

አንድ ቀን የማላውቀው ቁጥር ደወለልኝ። የአያ ትልቋ ሴት ልጅ ናት። «አባቴን ጎንደር አምጥተነዋል፤ ሆስፒታል ነን» አለችኝ።

ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ያ ረጅም ሰው አንሰው ነበር። «አያ» ስላቸው ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ፤ ዓይናቸው ግን እኔ ካለሁበት አልፎ ግድግዳውን ይመለከት ነበር።

ልጃቸው ወደ ጥግ ወስዳ ነገረችኝ። አንድ ማለዳ ውሃው ዳር ቆመው በመነጽር ሲያዩ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ደረሱባቸው። የየትኛው ወገን ናቸው አልልም፤ እሷም አላለችም። ማንን ነው የምትጠብቀው አሏቸው። ደብተሩን ከኪሳቸው አገኙት።

«ይሄ ጭረት ምንድን ነው?» አሏቸው።

«ንስር ነው።»

«ይሄ ክቡስ?»

«ጎጆ ነው።»

«የማን ጎጆ?»

እሳቸው የንስር ጎጆ ነው ይላሉ፤ ሰዎቹ ደግሞ የማን ቤት እንደሆነ ተናገር ይላሉ። በየወሩ የተሰመረው ጭረት የጀልባ ቁጥር፣ ክቡ ሰው የተደበቀበት ቤት መሰላቸው። መነጽሩን ማን ሰጠህ ሲሏቸው የጎንደር ሰው አሉ። ስሜን አልጠሩም። በሰደፍ ራሳቸውን መቷቸው። ቄሱና ሽማግሌዎቹ ለምነው እስኪያስለቅቋቸው ድረስ አሥራ ዘጠኝ ቀን ያዟቸው። ከተፈቱ በኋላ ዓይናቸው ቀስ በቀስ ጨለመ። መንገዱ ዝግ ስለነበር አምስት ወር ቤት ተቀምጠው በጠበል ቆዩ።

ሐኪሙ ለልጃቸው፣ «በጊዜው መጥተው ቢሆን ምናልባት እንል ነበር» አላት።

ለምርመራ ሲመላለሱ አሥራ አንድ ቀን እኛ ቤት ተቀመጡ። ባለቤቴ አልጋችንን ለቀቀችላቸው። በነዚያ ቀናት ስለ ንስር አንድም ነገር አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሳሁም። አንድ ከሰዓት በረንዳው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ከጎናቸው ተቀመጥሁ። እንዴት እንደምጀምር አላውቅም ነበር።

«አያ፣ እኔ ነኝ ያስያዝሁዎት። ባለቤትዎ ነግረውኝ ነበር፤ ሳቅሁባቸው።»

ከዚያ በአውራ ጣታቸው የጋቢያቸውን ጥለት እየዳበሱ ተናገሩ።

«እኔም አስቤበታለሁ። አንዳንድ ቀን መምህሩ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ ያ መርዝ ያጎረስሁት ቆሮሶ ነው እላለሁ። እግዜር ይወቀው። አንተም አንዱን መርጠህ አትያዝ።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉም። እኔም ይቅር በሉኝ አላልሁም።

እሳቸው ወደ ቤታቸው ከተመለሱ ከሁለት ወር በኋላ መንገዱ ትንሽ ላላ። የአካባቢ ጥበቃ ቢሮ የቆጠራ ሪፖርት ፈለገ። ወረድሁ። ሐይቁ ላይ ሰው አልነበረም። ከዓመት በላይ በጀልባ መውጣት ተከልክሎ ነበር። ታንኳዎቹ ዳር ላይ እንደተገለበጡ በስብሰዋል፤ ደንገሉ ያለ ከልካይ አድጎ እስከ ማሳው ጫፍ ደርሷል። ከሌላ ሰው በተዋስሁት መነጽር ከቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ ጀምሬ በእግሬ ዳር ዳሩን ቆጠርሁ። አሥራ አንድ ንስር፣ አራት ጎጆ። አንዷ ከፊቴ ወርዳ ዓሣውን ከውሃው ላይ ላፍ አድርጋ ተነሳች፤ ከየዛፉ ላይ ሌሎቹ ተቀባበሏት።

ልቤ ዘለለ። ይህንንም አልደብቅም። ከቁጥሩ ቀና ብዬ የአጥማጆቹን የተዘጉ በሮች እስካይ ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። በልመናና በመንጠቆ በስንት ዓመት ሁለት ጥንድ ያመጣነውን፣ ፍርሃት በአንድ ዓመት እጥፍ አደረገው። አጥማጆቹ ከፊሎቹ ወደ ቆላ ለቀን ሥራ ሄደዋል፤ ከፊሎቹ የት እንዳሉ ቤተሰቦቻቸውም አያውቁም።

ጎንደር ከተማ አንድ አዳራሽ ውስጥ ሪፖርቱን አቀረብሁ። የንስሩን ፎቶ ግድግዳው ላይ ሲያዩ ሰዎች አጨበጨቡ። አንዲት ሴት እጇን አውጥታ ለማገገሙ ዋናው ምክንያት ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ።

«የሰው እንቅስቃሴ መቀነስ» አልሁ።

ጻፈችው። እኔም ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

ከዚያ በኋላ አያን ለማየት አንድ ጊዜ ወርጃለሁ፤ ለቆጠራ አልነበረም። ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ገና ሰላምታ ሳንጨርስ ከዋርካው ላይ ጩኸቱ ጀመረ፤ አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል።

«በዝተዋል አይደል?» አሉኝ።

«በዝተዋል አያ።»

«ከጎህ ጀምሮ ነው። እንቅልፍ ነሱኝ። ምነው አንድ ቀን እንኳ ዝም ባሉ።»

ሌላ ሌላውን አወራን፤ ስለ ሽንብራው፣ ስለ ልጃቸው ማግባት። ልነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«መምህር፣ ሸጋ ሰው ነህ። ክፉ ሰው ብትሆን ይቀለኝ ነበር። ግን ከእንግዲህ አትምጣ። አንተ በመጣህ ቁጥር በሳምንቱ ሰው መጥቶ፣ ያ የጎንደር ሰው ምን ሊሠራ መጣ ይላል። ሁለተኛ የምከፍልበት ዓይን የለኝም።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ። ባለቤታቸው እስከ መኪና መንገዱ ሸኙኝ። ስለ መነጽሩ ይናገሩኛል ብዬ ስጠብቅ፣ አያን ዓይናቸውን ሲያማቸው የሚያስታግስላቸው ጠብታ እዚህ እንደማይገኝ ነገሩኝ። እንደምልክ ቃል ገባሁ።

አሁን ንስሮቹን የሚቆጥረው ሌላ ሰው ነው። ሪፖርቱ ጠረጴዛዬ ላይ ሲመጣ ሳልከፍተው አሳልፋለሁ። በየወሩ መጀመሪያ ጠብታውን ገዝቼ አዘዞ መናኸሪያ ለሚኒባሱ ሾፌር እሰጣለሁ። ስንገናኝ «ደረሰ?» እለዋለሁ። «ደርሷል» ይለኛል። እንዴት ናቸው ብዬ አልጠይቀውም፤ ሾፌሩንም ያ የጎንደር ሰው ምን ጠየቀህ የሚሉት ሰዎች ይኖራሉ።