ሁለት ሲም ካርድ በአንድ ሞደም

ልጄ የጤና ኮሌጅ ቦታዋን በኢንተርኔት እንድታረጋግጥ የተሰጣት ጊዜ እስከ ዓርብ ቀን ስድስት ሰዓት ነበር። ስሟ መውጣቱን የሰማነው ረቡዕ ነው። ከምንኖርባት የድንበር ከተማ ከማታር ወደ ጋምቤላ የሚሄደው ጀልባ ከቅዳሜ በፊት አይነሣም፤ የመኪናውን መንገድ ዝናብ ዘግቶታል። ክልላችን ጤና ጣቢያዎቹን በራሱ ልጆች ለመሙላት የሚጣደፍበት ጊዜ ስለነበር፣ በሰዓቱ ያላረጋገጠች ልጅ ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል ተብለናል።

እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። በቤታችን የሚነገረው ሌላ ቋንቋ ስለሆነ አማርኛ መጻፍ የለመድኩት እዚያ ነው፤ የቀረውን ያስተማረኝ ገበያ ነው። ስለ ኢንተርኔት የማውቀው ባለሱቁ ጋ መኖሩን ብቻ ነበር።

ባለሱቁ ከወሎ መጥቶ ብዙ ዓመት አብሮን የኖረ ሙስሊም ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ የባትሪ ድንጋይ ይሸጣል። ላፕቶፕ ነበረው፤ በላፕቶፑ ጎን የሚሰካ፣ አውራ ጣት የምታክል ሞደምም ነበረችው። ከድንበሩ ማዶ ካሉ ነጋዴዎች ጋር ስለሚሠራ ሁለት ሲም ካርድ ይዞ ይቀያይራል፤ አንዱ የእኛ፣ አንዱ የማዶ። በማታር ይህን የማያደርግ ነጋዴ አልነበረም።

ሐሙስ ኔትወርክ ጨርሶ ስላልነበረ ዓርብ ጠዋት ሱቁ ሳይከፈት ደጁ ላይ ቆመን ጠበቅነው። የማዶውን ካርድ አውጥቶ የእኛን ሞደሟ ውስጥ ከተተና ልጄ ተቀምጣ ፎርሙን መሙላት ጀመረች። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የፈተና ቁጥር፤ ገጹ ብዙ ነው። መጨረሻው ላይ ስትደርስ የሞደሟ መብራት ቀለሙን ለወጠ። ገጹ ነጭ ሆነ። የሞላችው ሁሉ ጠፋ።

«ችግር የለም፣» አለ ባለሱቁ። ሞደሟን ነቀለ፣ በሸሚዙ ጠረገ፣ መልሶ ሰካ።

እንደገና ሞላች። እንደገና ጠፋ። በሦስተኛው ላይ ልጄ እጇን ከላፕቶፑ ላይ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ ወንበሯን ይዤ ከኋላዋ ቆሜያለሁ። አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እማዬ፣ አትቁሚብኝ። ፊደል ያሳስተኛል።»

«እኔ ምን አደረግሁ? ዝም ብዬ ነው የቆምኩት።»

«ዝም ስትይ ነው የሚብሰው።»

ባለሱቁ ሳቀና ሞደሟን ለመንቀል እጁን ዘረጋ። ያኔ ነው የጠየቅሁት። እኔ የምሸጠው በቆሎ ነው። ከማዶ የሚመጡት ሰዎች የሚሰፍሩበት ጣሳ ከእኛው ይተልቃል፤ ስለዚህ ገዢ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ ጣሳዬን እቀይራለሁ። አንድ ቀን ከረሳሁ ሙሉ ገበያው ይጮኽብኛል።

«ካርዱን ስትቀይር፣» አልኩት፣ «ሞደሟ ውስጥ ሌላ የምትቀይረው ነገር የለም?»

«እማማ ደግሞ! ካርድ ከተቀየረ ተቀየረ ነው እንጂ።»

«ማን ነገረህ?»

ለካ ያለውን ማንም አልነገረውም። ሞደሟን ያስተካከለለት ጋምቤላ ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግን ወዳጁ ነው፤ ያስተካከለለትም ለማዶው ካርድ ነበር። ስልክ ደወለለትና ድምፁን ለሁላችንም ከፍ አደረገው።

«ሴቲንጉን ነክተኸዋል?» አለ ጠጋኙ።

«ወላሂ አልነካሁም!»

«እሱ ነዋ ጥፋትህ! ካርዱን ለወጥክ፣ ሞደሟ ግን የድሮውን ትእዛዝ ይዛለች። የማዶው ኔትወርክ ሽው ባለ ቁጥር የእኛን ጥላ ወደዚያ ትሮጣለች። እዚያ ደግሞ በእኛ ካርድ አያስገቧትም። ተባራ ትመለሳለች።»

ከዚያ አንድ በአንድ ያዘዘንን ልጄ ስታደርግ፣ እኔ በባለሱቁ የዱቤ ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። የእንግሊዝኛውን ፊደል አንብቤ አልረዳውም፤ መልኩን አይቼ መገልበጥ ግን እችላለሁ። የማዶውን ኔትወርክ ስም አጥፍተን የእኛን አስገባን። ሞደሟ ኔትወርኩን ራሷ እንዳትመርጥ ከለከልናት፤ ከዝርዝሩ የእኛን መርጠን ሰጠናት። መልሼ ሳነብለት አንዲት ነጥብ መዝለላችንን ጠጋኙ ያዘ።

«አሁን ፈጣኑን ኔትወርክ ተዉና ዘገምተኛውን ብቻ አድርጉ፣» አለ።

«ዘገምተኛውን?» ባለሱቁ ተቆጣ። «እኔ እኮ ይህችን የገዛሁት ፈጣን ናት ተብዬ ነው!»

«ማታር ላይ ፈጣኑ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ዘገምተኛው አይጠፋም።»

«ልጄ፣» አልኩት ባለሱቁን፣ «ኤሊም ቢሆን ይድረስልኝ።»

«እሺ እማማ፣» አለና ወደ ልጄ ዞረ፤ «የኤሊ አድርጊያት።»

አምስት ሰዓት ካለፈ በኋላ ልጄ ለአራተኛ ጊዜ ጀመረች። ገጹ ከላይ ወደ ታች ጥቂት በጥቂት ነበር የሚከፈተው። ባለሱቁ ደንበኛ በጠራው ቁጥር «ቆይ፣ ቆይ!» እያለ ከእኛ ጋር ይጠብቃል። የሞደሟ መብራት ቀለሙን አልለወጠም። የመጨረሻውን ስትጫን አንዲት ትንሽ ክብ ነገር መዞር ጀመረች፤ ዞረች፣ ዞረች። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ጌታን ጠራሁ።

«እማዬ።»

አልገለጥኩም።

«እማዬ፣ ተቀብለናል ይላል!»

ባለሱቁ «አልሃምዱሊላህ!» ብሎ መደርደሪያውን በጥፊ መታው። እኔ ጌታ ይመስገን ብዬ እዚያው የጨው ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ።

ባለሱቁ የሚጠብቁት የማዶ ነጋዴዎች ስላሉ የማዶውን ካርድ ከኪሱ አውጥቶ ወደ ሞደሟ ጎንበስ አለ። ብድግ ብዬ እጄን ላይዋ ላይ ጫንኩ።

«እማማ፣ አለቀ እኮ!»

«ገጹ ሳይጠፋ ቁጥሩን ትጻፈው።»

ልጄ ገጹ ላይ የወጣውን የማረጋገጫ ቁጥር በደብተሩ ጻፈች። ለማንኛውም ብዬ በሌላ ወረቀት አስደገምኳት። እኔ አንዱን በጣቴ እየተከተልኩ ስጠራ፣ እሷ ሌላውን እያየች «አዎ» አለች፤ ከአንዱ አሐዝ ወደ ሌላው፣ ሳንቸኩል። ባለሱቁ ካርዱን እንደያዘ ቆሞ ጠበቀን። የመጨረሻውን «አዎ» ስሰማ እጄን ከሞደሟ ላይ አነሣሁ።